የዳምጤ ቅናት

በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. የነቢያት ጾም ከገባ በሁለተኛው ዓርብ፣ ለምሳ ከቡታጅራ ትምህርት ቤት ወጥቼ በገበያው ዳር ወደ ቤቴ ስሄድ ከወይዘሮ ወርቅውሃ ጋር ተገናኘን። ወይዘሮ ወርቅውሃ መምህር ሆኜ ወደዚህ ከተማ ተመድቤ በመጣሁ ጊዜ መጀመሪያ ክፍል ያከራዩኝ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። የመጨረሻ ልጃቸው ባልቻ አዲስ አበባ መርካቶ ጨርቅ ይነግዳል፤ ሚስቱ ዘርፈሽዋል ደግሞ ከሁለት ሕፃናት ጋር አማቷ ዘንድ ትኖራለች። ሴትዮዋ ሥራ የሚወዱ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ፣ በሰው ፊት ማልቀስን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ነበሩ።

በዚያን ቀን የባልቻን የበኩር ልጅ ዳምጤን አዝለው ነበር።

«መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣዎ» አሉኝ። «ወረቀትና ብዕር ይዘዋል?»

«ይዣለሁ እማማ። ለባልቻ ነው?»

«ለባልቻ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዳምጤን አረቅጥ እህቴ ዘንድ እወስደዋለሁ። አባቱ ከሰው አፍ እንዳይሰማው ብዬ ነው።»

አረቅጥ ከቡታጅራ በላይ፣ ከተራራው ማዶ ያለ ብርዳም ደጋ ነው። በእግር ለሚሄድ ሰው ቀኑን ሙሉ ዳገት ነው። ይህን መንገድ ከሕፃን ጋር ለምን እንደሚሄዱ ገርሞኝ በአቅራቢያችን ወዳለው የልብስ ሰፊ በረንዳ ወሰድኳቸው። ጁምዓ ስለ ነበር ሰፊው መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ ለስግደት ሄዷል፤ አግዳሚው ባዶ ነበር። ልጁን ከጀርባቸው አውርደው አጠገቤ ሲያስቀምጡት ነው ደህና አድርጌ ያየሁት።

ዳምጤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ፊቱና እግሮቹ አብጠዋል። ጸጉሩ ሳስቶ፣ ቀልቶ የበቆሎ ጸጉር መስሏል። ክንዱ ግን ቀጭን ነበር። ዝንብ ከዓይኑ ጥግ ስታርፍ እንኳ እጁን አላነሣም።

«ምን ሆኖ ነው እማማ?»

«ቀንቶ ነው» አሉኝ፣ ጉንፋን ያዘው እንደሚል ሰው። «በታናሹ ቀንቶ ነው።»

በዚህ አገር ይህ የታወቀ በሽታ ነው። እናቱ ስታረግዝ ጡት የተወ ልጅ ሲከሳ፣ ቀጥሎም ሲያብጥ፣ በማኅፀን ያለውን አውቆ ቀና ይሉታል። መድኃኒቱም ከእናቱና ከታናሹ ማራቅ ነው፤ እስኪረሳቸው ድረስ ሌላ ቤት ያድራል። ከሄዱት ውስጥ የማይመለሱ እንደሚበዙ ሁሉም ያውቃል፤ ግን የማይመለሰው ቅናቱ የጸናበት ነው ይባላል።

ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «ለውድ ልጄ ለባልቻ» ብዬ ስጀምር ሲስተር ዓለምዘውድ ከገበያው ስትወጣ አየችን።

ዓለምዘውድ የከተማው ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ወልቂጤ ተወልዳ፣ ጎንደር ተምራ፣ ወደኛ ከመጣች ገና አንድ ዓመቷ ነበር። እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር አለብኝ፤ ዝም ብዬ ባልፍ ታሪኩ ውሸት ይሆናል። እኔ በዚህ ከተማ ዐሥራ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ። ደብዳቤ የሚያስጽፍ፣ ማመልከቻ የሚያስነብብ፣ የተጣላ ባልና ሚስት ሳይቀር ወደኔ ነበር የሚመጣው። ይህች ልጅ ከመጣች በኋላ ግን የገበያ ሴቶች እሷን ሲያዩ ከመቀመጫቸው መነሣት ጀመሩ። አንድ ቀን የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ብዬ ብጠይቅ ዘጠኝ ልጃገረዶች እንደ ሲስተር ዓለምዘውድ አሉኝ። እንደ እኔ፣ እንደ ጋሽ ያረጋል፣ ያለ አንድም አልነበረም። ስቄ አለፍኩት። ቤቴ ገብቼ ግን የዘጠኙን ስም አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

ዓለምዘውድ ሰላምታ ሰጥታን ወዲያው ከልጁ ፊት በርከክ አለች። የእግሩን ላይኛ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ቆይታ ለቀቀችው። ጣቷ ያረፈበት ጎድጉዶ ቀረ።

«እማማ ወርቅውሃ፣ ይህ ልጅ ምን ይበላል?» አለች።

«ቤት ያፈራውን። ቆጮ ይበላል። ምን ጎደለበት?»

«ቆጮውን በምን ይበላል?»

«ልጅ በምን ይበላል? በውሃ እያራስን እናጎርሰዋለን።»

«እርስዎስ በምን ይበላሉ?»

«አሁን ጾም ነው፤ በጎመንና በባቄላ። በፍስክ በአይብ።»

«አራሷ ዘርፈሽዋልስ?»

«አራስማ እንዴት ይጓደልባታል። ቅቤው፣ ገንፎው፣ ወተት ሲገኝ ወተቱ ለሷ ነው። ሴት ወልዳ የምትጎዳበት ቤት አይደለም የኔ።»

«እንግዳ ሲመጣስ?»

«ልጄ፣ ጥያቄሽ ምንድን ነው? ክትፎ ከተገኘ በክትፎ ነዋ።»

«ታዲያ በቤትዎ ቆጮን ብቻውን የሚበላ ማን ነው?» አለች ዓለምዘውድ።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ልጁን አየት አደረጉ። ቀጥለው ግን አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ቆጮን አትናቂብኝ። መርካቶ ውስጥ ላይ ታች የሚሉት ልጆቻችን ያደጉት በቆጮ ነው።»

«አልናቅሁም እማማ። እኔም ያደግሁት በቆጮ ነው። ቆጮ ያጠግባል፣ ጉልበት ይሰጣል። ሥጋና አጥንት መሥራት ግን ብቻውን አይችልም። ለዚያ ወተት፣ እንቁላል፣ ባቄላ፣ አይብ ያስፈልጋል። ዳምጤ ጡት ሲጠባ ይህን ከእናቱ ወተት ያገኝ ነበር። ጡቱ ሲቀር ምትክ የሰጠው የለም። ሆዱ ይሞላል፤ ገላው ግን ይራባል። እብጠቱ ውሃ ነው እንጂ ውፍረት አይደለም።»

«ረኃብ ቢሆን ሲሰጡት ይበላ ነበር። ይህ ልጅ ቢለምኑትም አይበላም። ደግሞ እናቱ ታናሹን ስታጠባ ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ይህ ቅናት ካልሆነ ምንድን ነው?»

«እኔ ስጠራውም አላየኝም፤ ዝንቧንም አላባረረም። በእኔና በዝንቧም ቀንቶ ነው? ሰውነቱ ደክሞ ነው እማማ። የዚህ በሽታ ጠባዩ ነው፤ ሲጸና የምግብ ፍላጎትን ያጠፋል።»

«እኔ ሰባት ወልጄ ሁለቱን ቅናት ቀምቶኛል። ይህን መልክ አውቀዋለሁ። አንቺ ስንት ወልደሻል?»

«ገና አልወለድኩም።»

«እንግዲያስ።»

ዓለምዘውድ አልተቆጣችም። ጥቂት አሰበችና «የጎረቤትዎ የሰፍያ ልጅ ከዳምጤ ጋር በአንድ ሳምንት ነው የተወለደው፤ እሱ ግን...» ብላ ስትጀምር የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ።

«የእሷን ስም አታንሺብኝ! ልጄን የበላችው እሷ ናት። ዘርፈሽዋል ካረገዘች ጀምሮ ከአጥሬ ማዶ ቆማ ዓይኗን ከዳምጤ አትነቅልም። የሷ በወፈረ ቁጥር የኔ ከሳ። ደግሞ እሷ ሁለተኛ አላረገዘች፣ አልወለደች። ጡቷን ለአንዱ ብቻ ይዛ ተቀምጣ በኛ ላይ ትስቃለች።»

በዚያች ሰዓት የሴትዮዋን ዓይን ያየ፣ በቤቱ ውስጥ የቀናው ሕፃኑ እንዳልሆነ ይገባው ነበር። እኔ አይቻለሁ፤ ገብቶኛልም።

«ሰፍያ ያላረገዘችው ስላሰበችበት ነው» አለች ዓለምዘውድ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ረቡዕ ረቡዕ ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ የነገርኳትን ሁሉ ታደርጋለች። ሌላ ምሥጢር የላትም። ዳምጤን አረቅጥ ድረስ በብርድ ተሸክመው ከወሰዱትና እዚያም ቆጮ ብቻ ካጎረሱት ግን አይመለስም። ይህን የምለው ላስፈራራዎ አይደለም።»

ወይዘሮ ወርቅውሃ ወደኔ ዞሩ። «መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እኛንም ያውቁናል። እስቲ ይፍረዱ። የማን ነገር ይሻላል?»

ሁለቱም አዩኝ። ዓለምዘውድ ያየችኝ በእርግጠኝነት ነበር፤ አብሯት እንደሚቆም ወንድም። ልቤ ግን ሌላ ነገር አለኝ። እዚህ ላይ አዎን ብል ነገ ከተማው ሁሉ «መምህሩም የሷን ቃል አጸና» ይላል አለኝ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ እንዲህ አልኩ፦

«ሲስተር የተማረችውን ተናግራለች። ነገር ግን መጽሐፍ ሁሉን አያውቅም፤ አባቶች ያቆዩት ልማድም ያለ ምክንያት አልቆየም። የደጋው አየር ለልጁ ይስማማው ይሆናል።»

ዓለምዘውድ ትክ ብላ አየችኝ። «እኔ በጤና ጣቢያ አለሁ» አለች ለወይዘሮ ወርቅውሃ፤ «በማንኛውም ቀን ቢመጡ እቀበልዎታለሁ።» ልጁን ራሱን ዳብሳ ሄደች። እኔም ደብዳቤውን ጻፍኩ፤ የእጄ ጽሕፈት እንደ ወትሮው ያማረ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ደጄን ስጠርግ ዘርፈሽዋል ታናሹን ገሠሠን አዝላ መጣች። ዘርፈሽዋል አራተኛ ክፍልን እኔ ዘንድ ጨርሳ ነው የተዳረችው። ብትቀጥል ኖሮ ጎበዝ ትሆን ነበር። ግቢ ብላት አልገባ አለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ምግብ በስንት ይከፈላል?»

እንደ ፈተና ጥያቄ ነበር። «በሦስት» አልኩ ሳላስበው። «ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ፣ ከበሽታ ተከላካይ።»

«ገንቢ የሚባሉት?»

«ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬ...»

«ቃል በቃል ነው የያዝኩት» አለች። «እርስዎ ሰሌዳ ላይ ጻፉልን፣ እኛ ጮክ ብለን አነበብን፣ በፈተናም ዐሥር ከዐሥር አገኘሁ። ሲስተር ለእማማ የነገረቻቸው ይህንኑ አይደለም? እማማ ቤት ገብተው 'መምህሩም በኔ ፈረደ' ሲሉ ጆሮዬን አላመንኩም። ውሸት ከነበረ ለምን አስተማሩን? እውነት ከሆነስ ትናንት ምን ነካዎ?»

መጥረጊያውን ከግድግዳው አስደገፍኩ።

«እማማ ክፉ አይደሉም» ብላ ቀጠለች። «እንቁላሉን የሚሰጡኝ እኔን ነው። አንድ ቀን ለዳምጤ ከፍዬ ሳጎርሰው ደርሰውብኝ 'አንቺ ከተጎዳሽ ሁለቱም ይሞታሉ' አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? እኔ ምራት ነኝ። እርስዎ ቢናገሩ ግን ይሰሙ ነበር።» የገሠሠን ማዘያ አጠበቀች። «ጋሼ፣ የሰፍያን ልጅ ሲሮጥ ሳይ ዓይኔን እጨፍናለሁ። በጣም ነው የምቀናው። ዓይኔ እንዳይጎዳው ፈርቼ ነው የምጨፍነው።»

ይህን ብላ ሄደች። የእኔን ቅናት ከእሷ ቅናት ጋር አስተያየሁት። እሷ በሰው ልጅ ላይ ክፉ እንዳይደርስ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እኔ ለስሜ ብዬ ዓይኔን በሕፃን ላይ ጨፈንኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩትን ትምህርት በአንድ ደቂቃ ካድኩት። እውቀት ያለው ሰው ቅናት ሲይዘው ካልተማረው የባሰ ይጎዳል፤ ያልተማረው የሚጎዳው ስለማያውቅ ነው፣ የተማረው ግን እያወቀ ዝም ይላል።

እሑድ ቅዳሴው ሳያበቃ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። ሕዝቡ ሲወጣ ወይዘሮ ወርቅውሃ ዳምጤን አዝለው፣ ስንቃቸውን በጨርቅ ቋጥረው፣ ከቅጥሩ በር አጠገብ አረቅጥ የሚሄዱ መንገደኞችን ሲጠብቁ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ዓርብ ዕለት የፈረድኩት ፍርድ ሐሰት ነበር» አልኳቸው።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ሲስተር ዓለምዘውድ የተናገረችው እውነት ነው። እውነት መሆኑንም ያን ጊዜም አውቅ ነበር።»

«እያወቁ ለምን እንዲያ አሉኝ?»

«ቀንቼ ነው።»

የመንገዱን ስንቅ ከእጃቸው መሬት ላይ አኖሩት። «በማን?»

«በእሷ። ሰው ሁሉ ወደሷ ሲሄድ ዓይኔ ቀላ። እሷን ለማሳነስ ብዬ በልጅ ልጅዎ ሕይወት ፈረድኩ። ይቅርታዎን እለምናለሁ።»

ከቅጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ብዙ ሰው በአጠገባችን እያለፈ ሰላም አላቸው፤ አልመለሱም።

«ትልቅ ሰው እንዲህ ብሎ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም ወደ መሬት እያዩ «እኔም ሰው ነኝ። የሰፍያ ልጅ በአጥር ቀዳዳ አጮልቆ ሲስቅብኝ እንደ እሳት ነው የሚያቃጥለኝ» አሉ። ከዚያም ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቁኝ። «መምህር፣ ቅናት ካልሆነ እንግዲህ የኔን ሁለቱን ማን ገደላቸው? እኔ ነኝ?»

ሴትዮዋ ከዓርብ ጀምሮ አልሸነፍ ያሉት ለክርክሩ ብለው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። የሲስተርን ቃል ቢቀበሉ ሁለት መቃብር መክፈት ነበረባቸው።

«ይህን እኔ ልመልስ አልችልም» አልኳቸው። «ወደሷ እንሂድ።»

ዓለምዘውድ ከተከራየችበት ቤት ግቢ ነጭ የሥራ ልብሷን ስታሰጣ አገኘናት። ወይዘሮ ወርቅውሃ ሳይቀመጡ ያንኑ ጥያቄ ደገሙላት። እጇን አድርቃ መጥታ ከፊታቸው ቆመች።

«እማማ፣ ልጆችዎ ሲታመሙ ምን አደረጉላቸው?»

«ያልዞርኩበት የለም። ጠበል ወሰድኳቸው። አንዱን ሦስት ቀን አዝዬ መድኃኒት አውቃለሁ ወደሚል ሰው ሄድኩ። ሌላውን እናቴ ከኔ አርቃ ቤቷ ወሰደችው።»

«ያን ጊዜ ስለ ምግቡ የነገረዎ ሰው ነበር?»

«ማን ይነግረኛል?»

«እንግዲያ የገደላቸው ያልተነገረዎ ነገር ነው። ልጁን ሦስት ቀን የተሸከመች እናት ልጇን አልገደለችም። ዛሬ ግን ተነግሮዎታል፤ ልዩነቱ ይህ ነው።»

ወይዘሮ ወርቅውሃ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። በሰው ፊት ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዓለምዘውድ ዳምጤን ከጀርባቸው ፈትታ አቀፈችው።

ሲረጋጉ ግን ክርክራቸውን አልተዉም።

«ጾም ነው። ከአራስ በቀር ለማንም በቤቴ እንቁላልና ወተት በጾም ገብቶ አያውቅም።»

«ዳምጤ ጾም አለበት?»

«ሰባት ዓመት ያልሞላው ጾም የለበትም» አሉ ራሳቸው፤ የተናገሩትን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያስ እንዲህ እናድርግ» አለች ዓለምዘውድ። «ልጁ ከእናቱና ከታናሹ አይለይ። በዚያው ቤት፣ እነሱን እያየ፣ እኔ የምለውን ይመገብ። ቅናት ከሆነ ታናሹን እያየ ምግብ አያድነውም፤ ይብስበታል። ረኃብ ከሆነ ግን ይሻለዋል። ለአንድ ወር ይታገሡኝ። በየማለዳው ጤና ጣቢያ ያምጡልኝ፤ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ካየሁ ለሱም መድኃኒት አለኝ፤ ከአቅሜ በላይ ከሆነ ደግሞ ራሴ አዲስ አበባ ይዤው እሄዳለሁ።»

«ምን ላብላው?»

«መጀመሪያ ወተት፣ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ስድስት ጊዜ። አንዴ ብዙ አይስጡት፣ አይችለውም። በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ስኒና ማንኪያ፤ ወተቱም ውሃውም ይፍላ። ሲበረታ የባቄላና የገብስ ዱቄት ገንፎ፣ በውስጡ እንቁላል የተመታበት። ቆጮውም አይቀርም፤ ግን ከአይብ ጋር። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ፦ በመጀመሪያው ሳምንት ይከሳል። ውሃው ሲወጣ ነው፤ አይደንግጡ።»

«ላሜ ነጥፋለች» አሉ ወይዘሮ ወርቅውሃ።

«የሰፍያ ላም ትታለባለች።»

«ዘርፈሽዋልን እልካታለሁ» አሉ።

«ራስዎ ቢሄዱ ይሻላል።»

በነጋታው ሰኞ ራሳቸው ሄዱ። እኔ አልነበርኩም፤ የሆነውን የነገረኝ የሰፍያ ባል ሸረፋ ነው። ወይዘሮ ወርቅውሃ ከበሩ ቆመው ዕቃውን ብቻ ዘረጉ። ሰፍያ ዕቃውን ተቀብላ ሞላችና «እማማ፣ ስንት ወር ሙሉ ከአጥሩ ሥር ቆሜ ነበር እኮ» አለቻቸው። «ልጁ ሲከሳ ባይ ወተት ላቀብልዎ ብዬ ነበር የምቆመው። ፊትዎን ሲያዞሩብኝ እፈራና እመለሳለሁ።»

ሴትዮዋም «አላህ ይስጥሽ» አሏት። በክርስቲያን አፋቸው በእሷ ሃይማኖት መረቋት ማለት ነው። ሸረፋ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ዓለምዘውድ እንዳለችው ዳምጤ በመጀመሪያው ሳምንት ከሳ። እብጠቱ ጎደለ፤ ከሥሩ አጥንቱ ወጣ። ጎረቤት መጥቶ «ጨረሳችሁት» አለ፤ ወይዘሮ ወርቅውሃም በስድስተኛው ቀን ስንቃቸውን እንደገና መቋጠር ጀምረው ነበር። ዘርፈሽዋል ያን ጊዜ አማቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረቻቸው፦ «ይከሳል ብላ ነግራናለች። የነገረችን ሁሉ ከደረሰ ቀሪውን ለምን አናምናትም?» ሴትዮዋ ምራታቸውን አይተው ቋጠሮውን ፈቱ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ልጁ ስኒውን ራሱ ያዘ። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ዝንብ አባረረ፤ አያቱ ይህን ለማውራት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ፤ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ በመስኮት ጠርተው ነገሩኝ። ለገና ባልቻ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ዳምጤ ግድግዳ ይዞ ተራመደለት። በዚያው ቀን እናቱ ገሠሠን ስታጠባ ሄዶ የሕፃኑን እግር ይዞ ጎተተ፤ ሊያወርደው ታገለ፣ አለቀሰም። ዓለምዘውድ ስትሰማ ሳቀች። «ይኸው አሁን ቀና» አለች። «ለመቅናትም ጉልበት ይጠይቃል። ይህኛው ቅናት አይገድልም፤ እቅፍ አድርጋችሁ አባብሉት።»

ባልቻንና ዘርፈሽዋልንም ለብቻቸው አነጋገረቻቸው። የተባባሉትን አላውቅም፤ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው። የማውቀው ባልቻ ከሲስተር ዘንድ ሲወጣ «ማሳን እንኳ እናሳርፋለን፤ ሴትን አለማሳረፋችን ይገርማል» ማለቱንና ገሠሠ ሦስት ዓመት እስኪያልፈው ዘርፈሽዋል አለማርገዟን ነው። ገሠሠ ጡት እስኪጠግብ ጠባ፤ ከስድስት ወሩ ጀምሮም ገንፎው ተጨመረለት። እሱ አላበጠም።

በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ለተማሪዎቼ የክትባት ጉዳይ ጤና ጣቢያ ብሄድ ረቡዕ ነበርና አግዳሚዎቹ በእናቶች ሞልተዋል። ወይዘሮ ወርቅውሃ የሚያሳዩት ልጅ ሳይኖራቸው መሀል ተቀምጠው ከገጠር የመጣች አንዲት ነፍሰ ጡር ያስተምራሉ። ሴቲቱ እግሩ ያበጠ ልጅ ይዛለች።

«ስሚኝ ልጄ» ይሏታል። «አራስን መንከባከባችን መልካም ነው፤ አንተወውም። ግን ከአራሷ አጠገብ ጡት የተወ ልጅ አለ፤ እሱም እንደ አራስ ነው። እንቁላሉን ሁሉ ወደ ገበያ አትውሰጂ፤ አንዱን ለሱ አስቀሪ። ባቄላ ከጓሮሽ አለ? ቁዪና ፍጪው። ወተት ከሌለሽ ጎረቤትሽን ለምኚ፤ መለመን አይገድልም። ቶሎ ቶሎ አትውለጂ፤ ለሱ ሲስተር ምክር አላት። እንዲህ ካደረግሽ ልጅሽ ይሮጣል፣ አንቺም ደምሽ ይመለሳል፣ በሆድሽ ያለውም ጠንክሮ ይወለዳል። ቀንቶ ነው ካሉሽ 'ምን በላ?' ብለሽ ጠይቂያቸው። እኔ ባለመጠየቄ ሁለት ቀብሬአለሁ።»

ሴቲቱ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ትሰማቸው ነበር። እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ሴትዮዋ በዚያች አግዳሚ ላይ ሲናገሩት፣ ሰው እንዲያ አድርጎ አዳምጦኝ እንደማያውቅ ታወቀኝ። ትንሽ ቀናሁ፤ አልዋሽም።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ለአራተኛ ክፍል ሦስቱን የምግብ ዓይነቶች ሰሌዳ ላይ አልጻፍኩም። ቆጮ፣ ባቄላና አንድ እንቁላል ይዤ ገብቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩና ዳምጤ ስለሚባል ልጅ ነገርኳቸው። ከዚያም አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፦ በየቤታችሁ ጡት የተወ ታናሽ ካለ ትናንት ምን እንደበላ ጠይቃችሁ ኑ።

በማግሥቱ እንዲህ ያለ ታናሽ ያላቸው አርባ አንድ ተማሪዎች ጽፈው መጡ። በሃያ ስድስቱ ወረቀት ላይ «ቆጮ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። የእነዚያን ሕፃናት ስምና ሰፈር ከተማሪዎቹ ጠይቄ ጻፍኩ፤ ደወሉ ሲደወልም ወረቀቱን ይዤ ወደ ሲስተር ዓለምዘውድ ሄድኩ።